የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኔትወርክ አልይዝ ያለ ላፕቶፕ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚያጠነጥኑት ላፕቶፕን ከዋይፋይ፣ ከሞባይል ኔትወርክ ወይም ከስልክ መስመር ጋር በማገናኘት ላይ ነው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነባቸው ያሳሰበን ነገር ቢኖር፣ ብዙዎቹ ጠያቂዎች ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ ወይም ለማውጣት አንድ ቀን ሲቀራቸው የጻፉልን መሆኑ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ ማወቅ ስለሚቀድም፣ በየመልሱ መጀመሪያ የምናተኩረው በዚሁ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ዋይፋዩ ለአራት ወራት ያለ ችግር ሠርቶልኛል። ከዚያ በኋላ ፋኑ ስለሚጮህ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ አስጸዳሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋይፋይ የሚይዘው ራውተሩ ባለበት ክፍል ውስጥ ስሆን ብቻ ነው፤ ከበሩ ወጣ ስል ይጠፋል። ባለሙያው የዋይፋይ ካርዱ ስለተቃጠለ ይቀየር ብሎኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ዋይፋይ ግዛ ይሉኛል። የቱ ይሻለኛል?
ተማሪ፣ ከፖሊ ግቢ

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። ካርዱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ራውተሩን አቅፈው ቢቀመጡም አይሠራልዎትም ነበር። ቅርብ ሲሆኑ የሚሠራ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ሲሆኑ ግን የሚጠፋ ዋይፋይ፣ በተለይ ችግሩ የጀመረው ላፕቶፑ ተከፍቶ በተዘጋ ማግሥት ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው አንቴናው ከካርዱ መለያየቱን ነው።

የላፕቶፕ ዋይፋይ አንቴና ካርዱ ላይ አይደለም ያለው። ካርዱ ከኪቦርዱ ሥር ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ሲሆን፣ አንቴናዎቹ ግን በስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ የተለጠፉ ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኙት፣ ከካርዱ ተነሥተው በስክሪኑ ማጠፊያ በኩል ወደ ላይ የሚወጡ፣ ወፍራም ክር የሚያህሉ ሁለት ገመዶች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ጥቁር፣ ሁለተኛው ነጭ ወይም ግራጫ ነው። የገመዱ ጫፍ ከምስር ፍሬ የሚያንስ ክብ ብረት ነው፤ በካርዱ ላይ ካለው እኩያው ጋር በትክክል ሲገጥምና ቀጥ ተደርጎ ሲጫኑት እንደ ጃኬት ቁልፍ ጠቅ ይላል። ጠቅ ሳይል የተዘጋ ላፕቶፕ፣ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ሲንገላታ ገመዱ ይወልቃል። ካርዱም ያለ አንቴና ሲቀር በባዶ ማያያዣው በኩል በሚያልፈው ጥቂት ሞገድ ብቻ ይሠራል፤ ያ ደግሞ ከአንድ ክፍል አይርቅም።

ስለዚህ ወደ ጥገና ቤቱ ተመልሰው ላፕቶፑ በፊትዎ እንዲከፈትና ሁለቱ ገመዶች እንዲታዩ በትሕትና ይጠይቁ። ራስዎ የሚከፍቱት ከሆነ ቻርጀሩን ከነቀሉ በኋላ የኋላውን ክዳን ከፍተው በቅድሚያ የባትሪውን ማያያዣ ይንቀሉ፤ ከዚህ በፊት ሌላ ምንም ነገር አይንኩ። ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሲፈቱ በወጡበት ቦታ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይደርድሯቸው፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ክዳኑን ወይም ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል። የአንቴናውን ጫፍ በጥፍርዎ ደግፈው ቀጥ አድርገው ይጫኑት እንጂ እያወዛወዙ አያስገቡት። ይህ ዓይነቱ ማያያዣ ለብዙ ጊዜ መነቀልና መሰካት የተሠራ አይደለም፤ ዩ.ኤፍ.ኤል የሚባለው አምራቹ ዋስትና የሚሰጥበት ለ30 ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

አንቴናው በሚገባ ተገጥሞም ለውጥ ካልመጣ ካርዱ ይቀየር ቢባል ተገቢ ይሆናል። ያን ጊዜም አሮጌውን ካርድ በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ የሚገኘው ኤም.2 የሚባለው፣ ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነው ካርድ ሲሆን፣ ከዚያ ቀደም ባሉት ላይ የነበረው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይባላል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ቅርጹ መግጠሙም ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ኢንቴል ኤኤክስ200 እና ኤኤክስ201 የተባሉት ሁለት ካርዶች መንታ ይመስላሉ፤ ነገር ግን 201 የሚሠራው ይህን ዓይነት ካርድ በሚቀበል የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ላይ ቢሰካ ፈጽሞ አይታይም። ከዚህም ሌላ አንዳንድ አምራቾች በተለይ በቀደሙት ሞዴሎቻቸው ላይ እነሱ ከፈቀዱት ዝርዝር ውጭ የሆነ ካርድ ሲሰካ ላፕቶፑ እንዳይነሣ በባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሣ በመጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ይከለክሉ ነበር። ካርዱ ካልሠራ እንደሚመለስ ከሻጩ ጋር ሳይስማሙ ገንዘብ አይክፈሉ።

ጓደኞችዎ የመከሩዎትን ትንሿን ዩኤስቢ ዋይፋይ አንንቃትም፤ ላፕቶፕ መክፈት ለሚፈራ ሰው መልካም መፍትሔ ናት። ሆኖም አንቴናዋ እንደ ራሷ ትንሽ ስለሆነ፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ ካለው ትልቅ አንቴና ጋር አትወዳደርም። ርካሾቹ ደግሞ የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሞገድ ክልል ብቻ ነው። ከገዟት ከዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ አጠገብ አይሰኳት፤ ዩኤስቢ 3 ሲሠራ የሚፈጥረው ረብሻ ልክ በዚሁ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እንደሚወድቅ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። ፊልም ከሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ ዋይፋይ ተቋረጠብኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ዘጌ ውስጥ መምህር ነኝ፤ ቤቴም በቡናው ጫካ መካከል ነው። ላፕቶፔ ላይ የምሰካው ዩኤስቢ ሞደም ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስመጣ ግን ያው ሞደም ሐይቁ መሀል ላይ ሳይቀር ደህና አድርጎ ይሠራል። ሱቅ ውስጥ ፈጣን የተባለ ሞደም አይቻለሁ፤ ልግዛው?
መምህር፣ ከዘጌ

መልስ፦ ጥያቄዎ መልሱን ይዞ መጥቷል። ሞደሙ ሐይቅ ላይ ከሠራ ሞደሙ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቦታው ነው። በጣና ላይ ሲሆኑ በእርስዎና በዳርቻው ባለው የኔትወርክ ማማ መካከል ከአየርና ከውኃ በቀር ምንም የለም። ቤትዎ ውስጥ ሲሆኑ ግን ሞገዱ በቡናውና ቡናውን በሚያጠሉት ትልልቅ ዛፎች መካከል ማለፍ አለበት። ቅጠል ውኃ ያዘለ ነገር በመሆኑ የሬዲዮ ሞገድን ይመጥጣል፤ በክረምት ዝናብ ሲያርሰው ደግሞ የበለጠ ይመጥጣል። ቤትዎ የቆርቆሮ ክዳን ካለው፣ ቆርቆሮው ከላይ የሚመጣውን ሞገድ መልሶ ስለሚወረውረው ለጠረጴዛዎ የሚደርሰው በመስኮትና በበር ሾልኮ የገባው ብቻ ነው።

በሞደም ካርቶን ላይ የሚጻፈው 7.2 ወይም 21.6 ሜጋቢት የሚለው ቁጥር ሞደሙ በመልካም ሁኔታ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ እንጂ፣ ደካማ ሞገድ የመያዝ ችሎታው መለኪያ አይደለም። ፈጣኑ ሞደም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቢሰካ በዚያው መጠን ይቸገራል። በአራተኛው ትውልድ (4ጂ) ኔትወርክ የሚሠራ ሞደም የተለየ ነገር ነው፤ እሱን ግን መግዛት ያለብዎት ስልክዎ በቤትዎ አካባቢ አራተኛውን ትውልድ መያዙን አይተው ነው።

ከዚያ በፊት ከሞደሙ እጅግ ያነሰ ዋጋ ያለው የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ ይግዙና ሞደሙን ከላፕቶፑ አርቀው ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ክፍት ቦታ በሚያይ መስኮት ላይ ይስቀሉት። ገመዱ ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ ርዝመቱም ከ5 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የዩኤስቢ 2 ወሰን ይኸው ነው። ወፍራም ያልንበት ምክንያት አለን። ሞደም ማማው ሲርቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ሰው ኃይሉን ጨምሮ ይልካል፤ ዩኤስቢ 2 ደግሞ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። ቀጭን ገመድ ከዚህ ላይ በመንገድ ሲቀንስበት ሞደሙ አቅም አጥቶ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል። አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል ያሉት ነገር በከፊል ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

መስኮቱ ላይ ከሰቀሉት በኋላ ወዲያውኑ ተስፋ አይቁረጡ። በ2100 ሜጋኸርዝ የሚሠራው የሦስተኛው ትውልድ ሞገድ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ጋት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዛወር ብቻ በጠፋውና በተገኘው ኔትወርክ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ባዛወሩ ቁጥር ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሡና የሞደሙን ፕሮግራም ይመልከቱ። አሞሌዎቹን ብቻ አይዩ፤ የሞገዱን ጥንካሬ የሚገልጸውን ዲቢኤም የሚለውን ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ እሱን ይከተሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በአራተኛው ትውልድ −90 አካባቢ ደህና ነው፤ −110 ሲደርስ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። የሚሠራውን ቦታ ሲያገኙ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ወጪ የለውም። ስልክዎን ኔትወርክ በሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጠው ሆትስፖቱን ይክፈቱት፤ ላፕቶፑ ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ በዋይፋይ ይያዘው። ከማማው የሚመጣውን አስቸጋሪ መንገድ ስልኩ በመልካም ቦታ ሆኖ ይቀበላል፤ የቀረውን ጥቂት ሜትር ዋይፋዩ ያደርሰዋል። እኛ ብንሆን ይህን ሳንሞክር ምንም አንገዛም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን ፎርማት አስደርጌ ዊንዶውስ 10 ከተጫነልኝ በኋላ ዋይፋይ የሚለው ምልክት ጠፋ። ድራይቨሩን (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ከኢንተርኔት አውርጂ ይሉኛል። ኢንተርኔት ሳይኖረኝ እንዴት አድርጌ ላውርድ?
ከቀበሌ 14

መልስ፦ የስልክዎን የቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ጋር ያገናኙና በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን ይክፈቱ። ዊንዶውስ 10 ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ አድርጎ ስለሚቀበለው፣ በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ኢንተርኔት ያገኛሉ። ከዚያ ዊንዶውስ አፕዴት የዋይፋዩን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ሊጭነው ይችላል፤ ካልሆነ የላፕቶፑን ዕቃዎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበትን ዕቃ መለያ ቁጥር ተመልክተው ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ያወርዳሉ። ድራይቨሩን ካገኙ በኋላ በፍላሽ ያስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ፎርማት ያስፈልግዎታል። ወደዚህ ሁሉ ከመግባትዎ በፊት ግን በላፕቶፑ ጎን ወይም በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ ላይ ዋይፋይን የሚያጠፋ ማብሪያ እንዳለ ይመልከቱ፤ በእሱ ምክንያት ብቻ ፎርማት የተደረጉ ላፕቶፖችን አይተናል።

ጥያቄ፦ በጀልባ ማኅበር ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መብራት ሲጠፋ የቢሮው ራውተር አብሮ ስለሚጠፋ ሥራ ይቆማል። ዩኤስቢ ሞደም፣ ማይፋይ (ሲም የሚገባበት ትንሽ ተንቀሳቃሽ ራውተር) ወይስ ስልክ ይሻለናል? ባለፈው ወር ለሙከራ በስልክ ሆትስፖት ስንጠቀም የወር ተብሎ የገዛነው ጥቅል በአራት ቀን አለቀ። ማን ወሰደብን?
የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ ጥቅሉን የበላው ላፕቶፑ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ዊንዶውስ በዋይፋይ የመጣለትን ኢንተርኔት ሁሉ ወሰን እንደሌለው የቤት መስመር ይቆጥረዋል። ከስልክ ሆትስፖት እየወሰደ መሆኑን ስለማያውቅ ብዙ መቶ ሜጋባይት፣ አንዳንዴም ጊጋባይት የሚሆን አፕዴት ከጀርባ ያወርዳል። ሆትስፖቱን እንደያዙ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን ገብተው፣ የሆትስፖቱን ስም ይንኩና የሚለካ መስመር መሆኑን የሚገልጸውን ማብሪያ ያብሩት፤ በእንግሊዝኛው ሜትርድ ኮኔክሽን ይባላል። ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ ማድረግ ይበቃል። በዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሲጠቀሙ ደግሞ ስልኩ የሚታየው እንደ ኢተርኔት መስመር ስለሆነ ለእሱም ለብቻው መደረግ አለበት። በላፕቶፑ ውስጥ የተገጠመ የሲም ሞደምን ግን ዊንዶውስ ከመጀመሪያው በራሱ የሚለካ አድርጎ ይይዘዋል። ፋይሎችን ወደ ኢንተርኔት የሚያስቀምጡ እንደ ዋንድራይቭ ያሉ ፕሮግራሞችንም በሥራ ሰዓት ያቁሟቸው።

ምርጫውን በተመለከተ፣ የሚሠራው አንድ ሰው ከሆነ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ይበቃል፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ስልኩ ከላፕቶፑ ባትሪ ቻርጅ እየተደረገ ይቆያል፤ በሆትስፖት ግን የስልኩ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ የራሱ ባትሪ ያለው ማይፋይ ይሻላል። ዩኤስቢ ሞደም ለአንድ ላፕቶፕ ብቻ ስለሆነ ለቢሮ የምንመክረው አይደለም። ለነገሩ ራውተራችሁ እንደ ብዙዎቹ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ፣ ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ገዝቶ ከእሱ ጋር ማገናኘት ከሦስቱም የሚሻል ይመስለናል፤ ላፕቶፖቹ የራሳቸው ባትሪ አላቸውና የጎደለው የራውተሩ ብቻ ነው። ባትሪውን ከመግዛትዎ በፊት በራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፉትን የቮልትና የአምፔር ቁጥሮች ገልብጠው ይያዙ።

የመስመር ኢንተርኔታችሁን ግን ሞደም ገዛን ብላችሁ አታቋርጡት። የሞባይል ዳታ ጨርሶ በሚቋረጥበት ጊዜ ሞደምም፣ ማይፋይም፣ ስልክም እኩል ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አገልግሎት ስለሚሰጥ፣ ማይፋዩን ከመግዛትዎ በፊት የሁለቱንም ሲም ስልክ ላይ አድርጋችሁ በቢሮው ውስጥ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሞክሯቸው። ሌላ ሰፈር ጥሩ የተባለው ለእናንተ ቢሮ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ጎን ላይ የሲም ካርድ ቀዳዳ አለ። ሲም አስገብቼ ምንም አልመጣም። ተበላሽቶ ይሆን?
ከፔዳ ግቢ

መልስ፦ ላይበላሽ ይችላል፤ ምናልባት መጀመሪያውኑ ሞደሙ የለም። አምራቾች አንድን ሞዴል ከሲም ሞደም ጋርም ያለ ሞደምም ስለሚሸጡት፣ ቀዳዳው ለሁለቱም ይበጅና ሞደሙ የሚገጠመው ለከፈለበት ብቻ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ሞባይል ብሮድባንድ የሚል ስም ከሌለ ካርዱ አልተገጠመም ማለት ነው። ለመጨመር ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ ማዘርቦርዱ ላይ ባዶ የሞደም ሶኬት፣ ከስክሪኑ የወረደ የሞደም አንቴና ገመድ፣ እንዲሁም ካርዱን የሚቀበል ባዮስ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው አንቴናው ሲሆን፣ እሱን ለመዘርጋት ስክሪኑ መፈታት ስላለበት ያን ጊዜ ሐሳቡን መተው ይሻላል። ሦስቱም ተሟልተው ከተገኙ ግን ካርዱ የሚይዛቸውን ባንዶች (የሞገድ ክልሎች) ዝርዝር ከሲም ካርድዎ ኦፕሬተር ባንዶች ጋር ሳያነጻጽሩ አይግዙ፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ካርድ ሲሙን አውቆም ኔትወርኩን ላያገኘው ይችላል።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የወንድሜ ልጅ አሮጌ ላፕቶፕ ከውጭ ልኮልኛል። ጎኑ ላይ የስልክ ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። የቤት ስልክ ስላለኝ በቀጥታ ብሰካው ኢንተርኔት ይሰጠኛል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ አይሰጥዎትም፤ ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ ቀዳዳው የተሠራው ለዚያው ነበርና። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ በቤት የሚጠቀም ሰው የሚገናኘው እንዲህ ባለው ሞደም ነበር፤ ሞደሙ እንደ ሰው ቁጥር ደውሎ፣ መረጃውን ወደ ድምፅ ለውጦ በስልኩ ሽቦ ይልከዋል። የዚህ ዓይነቱ ሞደም የመጨረሻ ፍጥነት በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ሲሆን፣ ዛሬ በስልክ የምናነሣትን 5 ሜጋባይት የምትሆን አንዲት ፎቶ ለማውረድ 12 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ ከሰው ድምፅ በላይ በሆነ ሞገድ ስለሚጓዝ፣ ድምፅ ብቻ የሚሰማው የላፕቶፕዎ ሞደም አያውቀውም፤ ውጭ የሚቀመጥ የራሱ ሞደም ያስፈልገዋል።

እርስዎ የሚፈልጉት ቀዳዳ ያኛው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከጎኑ ያለው፣ እሱን የሚመስል ነገር ግን ሰፋ ያለው ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት በውስጡ 8 የወርቅማ ሽቦዎች ተደርድረዋል። የኤዲኤስኤል ወይም የፋይበር መስመር ሲገባልዎ ከሞደሙ የሚወጣው የኢተርኔት ገመድ የሚሰካው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ የላፕቶፑ ዋይፋይ ያረጀ ወይም ጨርሶ የሌለው ቢሆን እንኳ አያስቸግርዎትም። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ግን ከግድግዳው የሚመጣውን የስልክ ሽቦ ከሞደሙ ላይ ይንቀሉት፤ መብረቅ በስልክ ሽቦ በኩል መጥቶ ሞደሙን፣ ከሞደሙም አልፎ ላፕቶፑን ያቃጥላል።